ጓሳው በተከፈተ ዓመት

ግራ ተረከዜ ላይ ያለውን ጠባሳ ያወጣው የራሴ ሸራ ጫማ ነው። የቀኙን ግን የእናቴ ኮንጎ ጫማ ነው ያወጣው፤ መንገድ ላይ ጫማ ተለዋውጠን ነበር። ለምን እንደተለዋወጥን ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። ድርሰት በጻፍኩ ቁጥር «አሳጥሪው» የሚሉኝ የአማርኛ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ፣ ይህን አላሳጥረውም። ያን ሜዳ ለእግሬ ያሳጠረልኝ ሰው አልነበረም።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያደግሁ፣ ከራጉኤል ደወልና ከተሸካሚዎች «ዞር በይ! ዞር በይ!» ሌላ ድምፅ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። እናቴ መርካቶ ውስጥ ገመድና መጥረጊያ ትሸጣለች። ገመዱ የሚሠራው ጓሳ ከሚባል ሣር ነው፤ ሣሩ የሚመጣው ደግሞ እሷ ከተወለደችበት ከመንዝ ነው። እኔ ጓሳን የማውቀው ደርቆና ተጠቅልሎ ማዳበሪያ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነበር። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። ቤታችን ውስጥ ያለነው እናቴ፣ ወንድሜ አንተነህና እኔ ነን።

ነገሩ የጀመረው አንድ ረቡዕ ነው። የቀበሌው ግድግዳ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ስም ተለጠፈ። የአንተነህ ስም ከላይ አራተኛ ነው። ከጎኑ «ዕድሜ 18» ይላል።

አንተነህ ግን አሥራ ስድስት ነው።

ሁለቱን ዓመት የጨመረችበት እናቴ ራሷ ናት። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ጉልቷን ትታ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም፤ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደችና «ሰባት ዓመቱ ነው» አለች። ዳይሬክተሩ እንደ ደንቡ «እጅህን በራስህ ላይ አሻግረህ ጆሮህን ንካ» አሉት። አንተነህ ከልጅነቱ እጀ ረጅም ነው፤ ነካ። ተመዘገበ። ትምህርት ቤቱ የጻፈውን ቀበሌው ገለበጠው፣ ቀበሌው የገለበጠው ደግሞ ግድግዳ ላይ ወጣ።

«በገዛ ምላሴ» አለች እናቴ፣ ዝርዝሩ ፊት ቆማ። ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እሷ መሠረተ ትምህርት ገብታ ስሟን መጻፍ ተምራለች፤ ከስሟ አልፋ ግን አልሄደችም።

የቀበሌው ጸሐፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «እትዬ በላይነሽ» አላት፣ «ልጁ አሥራ ስድስት ነው ካሉ ከተወለደበት ገበሬ ማኅበር ማኅተም ያለበት ወረቀት ከነምስክሩ ያምጡ። ልጆቹ ማክሰኞ ጠዋት ይነሣሉ።»

«ማክሰኞ? አገሬ እኮ ያለው እዚያ ማዶ ነው ልጄ!»

«ማዶ መሆኑን እኔም አውቃለሁ እትዬ። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ነው።»

አንተነህ ከቤት እንዳይርቅ ተነግሮታል። ስለዚህ የይለፍ ወረቀት የወጣው ለእናቴና ለእኔ ነው። ስንሄድ ደጃፉ ላይ ተደግፎ «ጽጌ፣ ቅቤ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ቀልዱን እንደማንኛውም ቀን ነው የተናገረው። እጁ ግን የበሩን ሸራ ጨብጦ አልለቀውም።

ሐሙስ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ገባን። ዓርብ የጭነት መኪና ላይ፣ ጨው በተጫነ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠን መሐል ሜዳ ደረስን። እናቴ ሁለቱንም ቀን አልተናገረችም። በጣቷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ነበር። የወንድሜ የክርስትና አባት ባሻ ወልዴ የሚኖሩት ከጓሳው ሜዳ ወዲያ ማዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ የሚሄድ መኪና የለም።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መሬቱ ውርጭ አድሮበት ነጭ ሆኗል። አዲስ አበባን ብርድ አለ የምትሉ ሰዎች አንድ ቀን እዚያ ብትውሉ ኖሮ ሁለተኛ አታማርሩም ነበር።

ሜዳው ሜዳ ብቻ አይደለም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወጣሁት ስትሉ ሌላ ይመጣል። መርካቶ ውስጥ አሥር እርምጃ ሳልሄድ የሆነ ሰው ትከሻዬን ይገፋዋል፤ እዚያ ግን የሚገፋኝ ጠፍቶ ልወድቅ ደረስኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ራሴን ያዞረኛል። ጅብራ የሚባለው ተክል በየቦታው ብቻውን ቀጥ ብሎ ሲቆም ሰው እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ሰላምታ አቀረብኩለት።

ድንገት ከአንድ ረግረግ ጥግ ጩኸት ተነሣ። መንጋ ነው፤ ረጅም ቆልማማ አፍ ያላቸው ወፎች ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኹ በራሳችን ላይ አለፉ። የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ።

«ጋጋኖ ነው» አለች እናቴ። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ቃል ነበረች። «ሲጣሉ የሰማሽ ይመስልሻል፤ እየተጠራሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ረግረጉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚዋኙትን ዝዮች፣ ከእግራችን ሥር ቱር ብላ የተነሣችውን ቆቅ፣ ከላይ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ የቆመውን ጭልፊት እየጠራች አሳየችኝ። የእኔ የወፍ እውቀት የመርካቶ ቁራና የራጉኤል ርግብ ነው። እናቴን ደግሞ የገመድ ሻጭ አድርጌ ብቻ ነበር የማውቃት። አንድ ጉብታ ስንደርስ ቆመችና «ጥንት ሁለት አባቶች ይህን አገር ለመካፈል በፈረስ ጋለቡ ይባላል። የአንዱ ፈረስ የወደቀበት ድንበር ሆነ» አለችኝ።

«እዚህ ነው የወደቀው?»

«እኔ እንጃ። እኔ ግን የወደቅኩት እዚህ ነው።» ሳቅ አለች። «አንተነህን ምጥ የያዘኝ እዚች ጉብታ ሥር ነው።»

ነገሩን እየተራመድን ነገረችኝ። በዱሮው ጊዜ ጓሳው ሕግ ነበረው። ሁለት ዓመት ዝግ ሆኖ ይከርማል፤ ማንም አያጭድበትም፣ ከብት አያስገባበትም። በሦስተኛው ዓመት የጠባቂዎቹ አለቃ ይከፍተዋል፤ ያኔ አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ የሚሆነውን አጭዶ ይሸከማል። እናቴ የመጨረሻ ወሯ ሆኖ «ድርሻዬ አይቅርብኝ» ብላ ወጣች። ወለደችው። እሱ አንድ ዓመት ሳይሞላው ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሡ ወርደው ለውጡ ሲመጣ ሕጉ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ የፈለገ በፈለገ ቀን ያጭዳል።

ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ሣር ያዘችና በጣቷ ሳበችው። ተበጠሰ። «አየሽ? ሳይደርስ ነው የሚያጭዱት። ገመዴ ቶሎ ይበጠሳል እያሉ ደንበኞቼ የሚጮኹብኝ ለዚህ ነው።»

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ እናቴ ማነከስ ጀመረች። ኮንጎው ቁርጭምጭሚቷን ልጦታል። ሸራዬን አውልቄ ሰጠኋትና የእሷን አደረግሁ። ትንሽ እንደሄድን እኔም አነከስኩ። ሁለታችንም እያነከስን፣ አንዳችን የሌላችንን ጫማ አድርገን፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ባሻ ወልዴ ደጃፍ ደረስን።

ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ትልቅ ጅራፍ ተሰቅሏል። ዱሮ የጓሳው ጠባቂዎች አለቃ እሳቸው ነበሩ።

«ማን ልበል?»

«በላይነሽ ነኝ ባሻ፣ የተሰማ ልጅ። እንደምን ከርመዋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የቱ ተሰማ?»

ሰላምታው ረዘመ። ከሰላምታው በኋላ እናቴ የመጣንበትን ተናገረች። ባሻ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ፣ ስንቱን ክርስትና አነሣሁ! ዓመተ ምሕረት የቄስ ነው፤ እኔ አላውቅም። ያላየሁትን ብምል ነፍሴን አቃጥላለሁ።»

እናቴ ምንም ሳታነጥፍ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እንደ ባዶ ማዳበሪያ ነው ተጣጥፋ የተቀመጠችው። ግድግዳው ላይ ያነበብኩት የአንተነህ ስም ትዝ አለኝ። በትልቅ ሰው ወሬ መሐል መግባት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ገባሁ።

«አባባ፣ ወንድሜ እኮ የተወለደው ሜዳው ላይ ነው። ጓሳው የተከፈተ ቀን።»

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ወደ እናቴ። በዝግታ ተነሡ።

«አንቺ ነሽ? ማጭዴን ለእትብት የሰጠሁሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ባሻ።»

«ታዲያ ይህንን ከፊት አትናገሪም! ዓመተ ምሕረት ትይኛለሽ እንዴ!»

ከጣራው ክዳን ላይ የጓሳ ዘንግ መዘዙና ሰብስበው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከለውጡ ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ዘንግ እየሰበሩ ደረደሩ። «ሕግ የሌለው ዓመት ነው» ይላሉ በሰበሩ ቁጥር። አሥራ አንድ ሆነ። ከዚያ ሁለት አጭር ዘንግ፦ «ዝግ፣ ዝግ።» አንድ ረጅም፦ «ከፈትኩት።» እንደገና ሁለት አጭር፦ «ዝግ፣ ዝግ።» ቀጥሎ አንድ ረጅም አንሥተው አየር ላይ ያዙት። «ይቺ ናት። አንቺ የወለድሽባት።»

መሬት ላይ ያሉትን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ናቸው።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ተሰብስበው ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽፈራው ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ካኪ ኮት ለብሷል፤ ማኅተሙን በጨርቅ ጠቅልሎ በኪሱ ይዟል። እሱና ባሻ ሰላም አልተባባሉም። ባሻ የጓሳ ዘንጋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ፊቱ ደረደሩለት።

ሽፈራው እንኳን ሊቆጥር በቅጡም አላየው። «ባሻ፣ ይህ የባላባት ሕግ ነው፤ ተሽሯል። በተሻረ ሕግ ዕድሜ አይቆጠርም።»

«ሕጉን ሻራችሁት እንጂ ዓመቱን አልሻራችሁት።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሽፈራው ግን አልሳቀም። «እርስዎ የክርስትና አባት ነዎት፣ እሷ እናት ናት። ልጁ አሥራ ስምንት ነው ይላል የመንግሥት ወረቀት። አሥራ ስምንት ከሆነ የተወለደው ከዚህ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ያን ጊዜ ጓሳው ዝግ ነበር የሚል ሌላ ሰው አለ? ዘመድ ያልሆነ?»

ባሻ ከዘንጎቹ ላይ ቀና ብለው ሽፈራውን አዩት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አለ» አሉ ባሻ። «አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«የአባትህን በሬ ያረድኩት የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ያረድኩትም ዝጉ ውስጥ ሲግጥ ስላገኘሁት ነው። አንተ ልጅ ነበርክ። ገመዱን ይዘህ አልለቅም ብለህ እጅህን ፈልቅቄ ነው ያስለቀቅኩህ።»

ያኔ አለቀልን አልኩ። እናቴም እንደዚያው አስባ ኖሮ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ማኅተም ለመለመን መጥቶ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገበሬዎቹ ሁሉ ሽፈራውን ያያሉ። እሱ እጁን ነው የሚያየው።

«ቦራ» አለ።

«እንዴት?»

«ስሙ ቦራ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረችው።» የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። «ሥጋውን አገሩ ተካፈለ። ለእኛም ድርሻ ላካችሁ። እናቴ ለውሻ ሰጠችው። በዓመቱ አባቴ በሰው በሬ አረሰ።»

«ሕግ ነበር ልጄ። ያንተን አባት ብምር ሁሉም ያስገባ ነበር።» ባሻ በከዘራቸው ወደ ሜዳው ጠቆሙ። «አሁን ማንም ማንንም አይቀጣም። ይኸው ሜዳው።»

ሽፈራው ዞር ብሎ አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ ቦታ ሲታይ ሜዳው መጥፎ ፀጉር አስተካካይ እጅ የገባ ራስ ይመስል ነበር፤ እዚህ ተላጭቷል፣ እዚያ ጨብረር ብሏል።

«እያየሁት ነው ባሻ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መጻፍ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያስ ጻፊ።»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ባሻ ያሉትን ሁሉ። ማጭዱንም፣ ዘንጉንም። በሬውንም ጻፊው።»

ጻፍኩ። ብዙ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞልቼ ገለበጥኩ። ስጨርስ ሽፈራው በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበና አንዱ መስመር ላይ ቆመ።

«‹አንድ በሬ› ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«አንድ በሬ አትበይ። ቦራ በይ።»

ሰርዤ ቦራ አልኩ። ባሻ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት። ሽፈራው «ይህን እኔም አይቻለሁ» ብሎ ፈረመና ማኅተሙን ከጨርቁ አወጣ፤ በትንፋሹ አሞቀው፣ መታው። ከባሻ ጋር ሲለያዩም አልተሳሳሙም። ሽፈራው ግን መሬት ላይ የቀሩትን ዘንጎች አንድ በአንድ ለቅሞ ለባሻ መለሰላቸው።

በዚያን ዕለት ሜዳውን እንዴት እንደተመለስነው እግዜር ይወቀው። ጋጋኖዎቹ ጮኹብን፤ ቀና ብዬ አላየሁም። ወረቀቱ በእናቴ ጡት ሥር ነበር። ሰኞ በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ላይ ትከሻዬን ተደግፋ እስክንገባ ተኛች፤ እናቴን ተኝታ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሁልጊዜ ስነቃ እሷ ተነሥታለች።

ማክሰኞ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀቱን ቆሞ ማንበብ ጀመረና መሐሉ ላይ ተቀመጠ። «ይህ ቦራ የተባለው ማነው? ምስክር ነው?»

«በሬ ነው» አልኩት።

አነበበ፤ ገለበጠ፤ አነበበ። «በዚህ ሥራ ላይ ስኖር በበሬ ዕድሜ ሲጣራ ዛሬ አየሁ» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገና አራተኛው ስም ላይ መስመር አሰመረ።

እናቴ እልል አላለችም። ውጭ አውቶቡሱ ቆሟል። የአጠገብ ጉልት ነጋዴዋ የእትዬ ሙሉ ልጅ፣ ትናንት ከእኛ ቤት ሽሮ የበላው፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። እሱ አሥራ ስምንት ነው። በሬ የለውም። እናቴ ከእትዬ ሙሉ ጎን ሄዳ ቆመች፤ አውቶቡሱ ከተጠማዘዘ በኋላም ቆመች። ያን ቀን ገመዷን አልዘረጋችም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል። አንተነህ አሥራ ሰባት ነው። ያመጣነው ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አፉን ሞልቶ አይናገረውም። እኔ ግን ከመንዝ የሆነ ነገር አግኝቼ ነው የተመለስኩት። ከዚያ በፊት ድርሰት ማለት ለእኔ «ፀሐይዋ በምሥራቅ ብቅ አለች» ነበር። አሁን ስጽፍ ሽፈራው በጣቱ እየተከተለ ያነበኛል፤ «አንድ በሬ» ስል ያቆመኛል። ደስ ይለኛል! ደብተር አልበቃኝ ብሎ በመጥረጊያ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሁሉ እጽፋለሁ። እናንተም እናታችሁን የተወለዳችሁበትን ዓመተ ምሕረት አትጠይቋት። ያን ዓመት ምን እንደሆነ ጠይቋት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ጉልቱ ጋ መጥቶ አንተነህን ከላይ እስከ ታች አየው። «እትዬ በላይነሽ፣ ይህ ልጅዎት ደረሰ እኮ! መቼ ነው የሚሄደው?» አላት።

እናቴ ሲደክማት እንደምታደርገው ቀና ሳትል ገመዱን በክንዷ ለካች፤ ጎተተችው፣ ፈተነችው።

«ተወው ወንድሜ» አለችው። «ገና ዝግ ነው።»